የእሜቴ ሪኬንዛ ክንድ

በየቤተ ዘመዱ የሰው ዘር የሚቆጥር አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ግንብ የደረሰን ግን ከሁሉም የባሰው ነው።

እሜቴ ሪኬንዛ፣ የጌታችን የሉቶልድ እናት፣ እንደ አገሩ ልማድ ዘር የሚቆጥሩት በክንድ ነው። ራስ ወላጆች ናቸው፤ አንገት ወንድማማቾች፤ ትከሻ ልጆቻቸው፤ እንዲህ እያለ በክርን በኩል ይወርዳል። ጥፍር ላይ ሲደረስ ዝምድናው ያልቃል፣ ጋብቻም ይፈቀዳል። በእሳቸው ክንድ ጥፍር የደረሰ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። እጅጌያቸውን ሰብስበው «ጥፍር ገና ነው» ካሉ ሠርጉ ፈረሰ ማለት ነው።

የእኔንም አፍርሰዋል። ልብስ ሰፊያቸው ነኝ፤ በወጣትነቴ አንድ ብረት ቀጥቃጭ ቢጠይቀኝ፣ ከመርፌዬ አስነስተው ቆጠሩኝ። ቀብር ላይ አልቃሽ አስቁመው የሟችን ዘመድ ያርማሉ። አንዴ የገዳሙን አበምኔት አሳማዎቻቸውን ከሰረቀው ሌባ ጋር አዛመዷቸው፤ አበምኔቱ የቀረበላቸውን ዝይ ሳይነኩ ሄዱ። ለቁጣ የማልቸኩል ሰው ነኝ፣ እሳቸው ግን መርፌ ያስጥሉኛል።

ባለፈው መከር ጌታ ሉቶልድ የወሰን ጠባቸውን ለማብረድ ትንሿን ልጃቸውን ዩታን ለሽማግሌው ባላጋራቸው ለኤበርቪን ሊድሩ ተስማሙ። የሠርጉን ቀሚስ ሰፋሁ። ልጅቷ እንዳትረግጠው ጫፉን ደጋግሜ አሳጠርኩት።

የጳጳሱ ቄስ ሊባርኩ ሲነሡ እሜቴ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ጥፍር ገና ነው። የኤበርቪን ቅድመ አያት ጌፓ የቅድመ አያቴ እህት ናት።»

«እናቴ፣ ዛሬ እንኳ ይተዉን» አሉ ጌታ ሉቶልድ።

«እኔን በሕፃንነቴ በበቅሎ ጭነው ላባትህ ሲያስረክቡኝ ማንም ክንዱን አልገለጠም። ቀሚሴን ረግጬ ስወድቅ ሰዉ ሳቀ እንጂ።»

ኤበርቪን ጌፓ የምትባል ሰምቼ አላውቅም ብለው ተቆጡ።

«የሴት ስም ማን ይይዛል? ተድራ ከወጣች ስሟም አብሯት ይወጣል። ደግሞ ዘርህን ሳታውቅ ነው ሚስት ፍለጋ የወጣኸው?»

ቄሱ ምስክር ጠየቁ። እሜቴ ወደ እኔ ዞሩ። ከአባታቸው ቤት በልጅነቴ አብሬያቸው የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። እጅጌያቸውን እንደሰበሰቡ ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ጌፓን ታውቂያታለሽ?» አሉኝ ቄሱ።

«አውቃታለሁ፣ አባቴ። ነጭ ነበረች። ሆዷ ተነፍቶ ስትሞት እሜቴ አምርረው አለቀሱላት።»

ሠርጉ ፈረሰ። ያቺ በቅሎ፣ ጌፓ፣ እሜቴን ይዛ እንደመጣች ሁሉ ዩታን ቤቷ አስቀረችልን። የቀሚሱን ጫፍ ፈታሁት፤ ስታድግ ይሆናታል።

የብረት ቀጥቃጩን ነገር ዛሬም ይቅር አላልኳቸውም። ሲቆጥሩ ግን አሁን እጅጌያቸውን የምይዝላቸው እኔ ነኝ።