የእትዬ አሜን መስመር

ሰው የሚኖርበት ሕንፃ ሁሉ አንዲት እትዬ አሜን አያጣም። ሊፍት ሊያጣ ይችላል፣ ውሃም በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ሊመጣለት ይችላል፤ እትዬ አሜን ግን አይጠፉም። እንዲያውም ግንበኞቹ መጀመሪያ እሳቸውን ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ግድግዳውን በዙሪያቸው ያቆሙት ይመስላል።

የዚህኛው ሕንፃ እትዬ አሜን፣ የሰማይ ጉዳዮች ቋሚ ተጠሪ፣ የአራት ፎቅና የአርባ ነፍስ ባለአደራ፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናቸው። ጠዋት ልክ አንድ ሰዓት ሲሆን የስልክ ጸሎት መስመር ይከፍታሉ። አርባ የሚሆን ሰው፣ አንዱ ታክሲ ውስጥ ተጨናንቆ፣ አንዱ ጥርሱን እየቦረሸ፣ አንዷ ልጇን ካልሲ እያለበሰች፣ ማይኩን ዘግቶ ያዳምጣቸዋል። የማይዘጋው የእሳቸው ማይክ ብቻ ነው።

ችግሩ፣ ጸሎታቸው ዝርዝር ይወዳል። ሌላው ሰው "የታመሙትን ፈውስ" ብሎ ያልፋል። እሳቸው ግን "ጌታ ሆይ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በስተግራ፣ አረንጓዴ በር ያላትን ልጅህን አስባት፤ ሆድ ድርቀቱ ዛሬ አምስተኛ ቀኑን ያዘ" ይላሉ። ሐሜተኛን ሰው ይሸሻል፤ ዓይኑን ጨፍኖ በፈጣሪ ፊት የሚያነሳህን ሰው ግን በየት በኩል ትሸሸዋለህ? አንዲት የባንክ ሠራተኛ እጮኛዋ ሐሳቡን እንደቀየረ የሰማችው ከዚሁ መስመር ነው ይባላል። እጮኛው ገና አልነገራትም ነበር።

ምድር ቤት ወርክሾፕ ያለው ፍሪጅ ሠሪ ግን እኔን አይነኩኝም ብሎ ተማምኖ ይኖር ነበር። ሥራውን የሚያከብር፣ ከሰው ጋር ስለ ጋዝና ስለ ኮምፕረሰር ካልሆነ ብዙ የማያወራ ሰው ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ታዲያ፣ የፍሪጅ በር በአንድ እጁ ይዞ ሲያዳምጥ፣ ተራው ደረሰ።

"አባት ሆይ፣ ምድር ቤት ያለውን ፍሪጅ ሠሪ አስበው። አንዲት ልጁ ከቤት ከወጣች ሦስት ዓመት ሆኗታል፣ አትደውልም። ሰውየውም ራቱን ቆሞ ነው የሚበላው።"

በዚያው ቀን ፍሪጃቸው ምንም ያልሆነ ሦስት ሴቶች ወርክሾፑ መጡ። አንደኛዋማ ከነጭራሹ ፍሪጅ የላትም።

ፍሪጅ ሠሪው እጁን እንኳን ሳይታጠብ አራተኛ ፎቅ ወጣና አንኳኳ። "እትዬ፣ እግዚአብሔር አድራሻ ይጠፋዋል እንዴ?" አላቸው።

"እሱማ አይጠፋውም" አሉት፣ ወንበር እየሳቡለት። "አድራሻ የሚፈልጉት አሜን የሚሉት ናቸው። ቆሞ የሚበላ ሰው ቤት ገብቶ ተቀመጥ የሚለው ሰው ከየት ይምጣ ብለህ ነው?"

አልተቀመጠም። ልጅቷ በገዛ ፈቃዷ እንደሄደች፣ ስልክ ቁጥሯንም እንደቀየረች፣ ጉዳዩም የቤቱ እንጂ የመስመሩ እንዳልሆነ ነገራቸውና ከዝርዝሩ እንዲያወጡት ጠየቀ። እሳቸውም ማስታወሻ ደብተራቸውን ገለጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ዓይኑ እያየ ስሙን በእርሳስ ሰረዙት።

አንድ ሳምንት ሰላም ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሰላሙ በዛበት። ወርክሾፑ ጥግ ላይ አንድ አሮጌ ነጭ ፍሪጅ አለ፤ ስንት ሰው ሽጥልኝ ብሎት እንቢ ያለው። ልጅቷ ተማሪ ሳለች የቤት ሥራዋን የምትሠራው የዚህን ፍሪጅ ሙቅ ጎን ተደግፋ ነበር። ብርድ ለማምረት የተሠራ ዕቃ ጎኑ መሞቁ ሁልጊዜ ያስቃት ነበር። አሁን ውስጡ ምንም የለም፤ ግን ቀን ከሌት እንደተሰካ ነው።

ከዝርዝር የወጣ ሰው ከመስመር ውጣ አልተባለም ብሎ ራሱን አሳመነና፣ ደንበኞች በሚደውሉበት ሁለተኛ ስልኩ፣ "ፍሪጅ 2" በሚል ስም መግባት ጀመረ። እትዬ አሜን ከአራተኛ ፎቅ ተነስተው በር በበር እየጸለዩ ይወርዳሉ። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ሲደርሱ እሱ እጁ ላይ ያለውን መፍቻ ያስቀምጣል። እሳቸው የጽዳት ሠራተኛዋን ጉልበት ያነሱና፣ ትንሽ ይተነፍሱና፣ "አሜን" ይላሉ። ያቺ ትንፋሽ የሱ ቦታ ነበረች። አንድ ቀን እንኳን ተሳስተው ቢጠሩኝ ብሎ መመኘት ጀመረ፤ ሆድ ድርቀትም ይሁን፣ ብቻ ይጥሩኝ።

ከዚያ እትዬ አሜን ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ሆኑ። ሐኪሙ ሁለት ሳምንት ቃል እንዳይወጣቸው ከለከለ፤ ሰማይም ምድርም አረፉ የሚሉ ቀልደኞች ነበሩ። እሳቸው ግን በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ መስመሩን ከፈቱ። ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማል። አርባ ሰው ማይኩን ዘግቶ፣ ማን ይጀምር ይሆን እያለ ይጠብቃል።

ፍሪጅ ሠሪው አላስቻለውም። ለብቻዬ እጸልያለሁ አለ። ጠንቃቃ ሰው ስለሆነ ማንም እንዳይሰማው የማይኩን ምልክት ተጫነ። ማይኩ ቀድሞውንም ዝግ ነበር። አሁን ተከፈተ።

"ጌታ ሆይ" አለ፣ እንደ እሳቸው አድርጎ፣ "አራተኛ ፎቅ፣ በስተቀኝ ያሉትን እትዬን አስባቸው። ጉሮሯቸው ነው። ያለ እሳቸው ሕንፃው ጆሮ የሚደፍን ዝምታ ሆኗል። ምድር ቤት ያለውንም ሰውዬ አስበው። ልጄ ራሷ ሄደች እያለ የሚያወራው ውሸት ነው። ውጪ ያልኳት እኔ ነኝ። በሩን የከፈትኩላትም እኔ ነኝ። ቁጥሯ መቀየሩንም አላውቅም፤ ደውዬ አላየሁም። ፈርቼ ነው።"

"አሜን" አለ ስልኩ። አንድ ሰው አይደለም፤ ታክሲ ውስጥ ያለው፣ ካልሲ የምታለብሰው፣ አፉ በሳሙና የተሞላው፣ ሁሉም ማይኩን ከፍቶ።

ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ወርውሮ ወርክሾፑን ከውስጥ ቆለፈ። እኩለ ቀን ላይ በራሱ ስልክ መልእክት ደረሰው፤ ከእትዬ ነበር። "ቁጥሯ አልተቀየረም። በየእሁዱ እደውልላታለሁ። አንተን ጠይቃኝ አታውቅም፤ ነጩ ፍሪጅ ተሸጠ ወይ ሳትለኝ ግን ቀርታ አታውቅም።"

ቁጥሩን በቃሉ ነው የሚያውቀው። ደወለ። እየጠራ ሳለ ማይኩ ክፍት መሆኑን ሦስት ጊዜ አየ።

"አቤት" አለች። ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋው።

"ነጩ ፍሪጅ አልተሸጠም" አላት።

"ይሠራል?" አለችው።

"ይሠራል።"

"እስቲ አሰማኝ።"

ስልኩን ሙቁ ጎን ላይ አስደገፈውና ራቅ ብሎ ቆመ፤ ፍሪጁና ልጅቷ የራሳቸው ጨዋታ ያላቸው ይመስል። ስልኩን መልሶ ሲያነሳ፣ "ያን ቀን ውጪ ያልኩሽ..." ብሎ ጀመረ። "አውቃለሁ፣ አባዬ" አለችው፣ "እኔም እኮ እዚያው ነበርኩ።" መቼ እንደምትመጣ አልነገረችውም። እሱም አልጠየቃትም። ያን ቀን ግን ራቱን ወንበር ስቦ፣ ነጩን ፍሪጅ ተደግፎ በላ።

ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ እትዬ አሜን ተመለሱ። ድምፃቸው እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ ይላል፤ ዝርዝሩ ግን ሙሉ ነው። ከአራተኛ ፎቅ በር በበር ወረዱ፣ የጽዳት ሠራተኛዋን ጉልበት አነሱ፣ ትንሽ ተነፈሱ።

"ምድር ቤት ያለውን ፍሪጅ ሠሪም አስበው፣ አባት ሆይ። ከልጁ ጋር አሥራ ሁለት ደቂቃ ስላወራ ተመስገን።"

"ፍሪጅ 2" መነጽሩን አደረገ፣ የማይኩን ምልክት በደንብ አይቶ ተጫነ።

"አሥራ አራት ነው፣ እትዬ" አለ።

"አሥራ አራት" አሉ እሳቸው፣ ለላይኛው አለቃቸው እያረሙ።