ቅዳሜ የማይሞትባት ከተማ

ሞት በሰው ልጅ ሁሉ ላይ የተፈረደ መሆኑን ከተማችን ፈጽሞ ክዳ አታውቅም። የተቃወመችው ቀኑን ብቻ ነው። ይህንንም ያደረገችው በክፋት ሳይሆን በሥልጣኔ መሆኑን፣ ዛሬ ያንን ዘመን የሚያማ ሁሉ እንዲረዳልኝ እፈልጋለሁ።

ከተማችን ከአምቦ ብዙም አትርቅም። በጃንሆይ ዘመን፣ አምቦ ሞልቶባቸው ማደሪያ ያጡ የአዲስ አበባ እንግዶች መኪናቸውን ወደ እኛ ያዞሩ ነበር፤ እኛም ከድንጋይ ሥር የምትፈልቅ አንዲት ፍልውሃ አለችን። እንግዶቹ ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ከአቧራ ጋር ይመጣሉ፤ እሑድ ማታ አቧራውን ትተውልን ይሄዳሉ።

«የመጣነው ንጹሕ አየር ለመተንፈስ ነው» ይሉናል። እኛ ከተወለድን ጀምሮ የምንተነፍሰው አየር ንጹሕ መሆኑን የነገረን ስላልነበረ በጣም ደነገጥን፤ ወዲያውም ማከራየት ጀመርን። ዓርብ ሲደርስ መኝታ ቤታችንን ለእንግዳ ለቀን ከጥጃው ጋር ማድ ቤት እንተኛለን። ጥጃው መጀመሪያ ቅር ቢለውም እያደር ለመደን። ፍልውሃዋም ከዓርብ እስከ እሑድ ለከተማው ሰው ዝግ ናት። «የአገሩ ሰው በሥራ ቀን ይታጠባል» ይላል ደንቡ። በሥራ ቀን ደግሞ ገንዳው ራሱ ለቅዳሜ ይታጠባል።

ይህን ሁሉ የሚመራው የእንግዳ መቀበያና የጸጥታ ኮሚቴ ሲሆን፣ ሊቀመንበሩ ግራዝማች አሻግሬ ነበሩ። ግራዝማች ንግግራቸውን ሁሉ «ከፍ ብዬ እንደገለጽሁት» ብለው የሚጀምሩ፣ ከዚያ በፊት ግን ምንም ያልገለጹ ትልቅ ሰው ናቸው። አስተዋይነታቸውን ለማስረዳት አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ። አንዲት እመቤት «ዶሮ በሌሊት እየጮኸ አላስተኛኝ አለ» ብለው አቤት አሉ። ኮሚቴው ተሰብስቦ በከተማው ያለ አውራ ዶሮ ሁሉ እንዲታረድ ወሰነ። እመቤቲቱ በማግስቱ ምሳ ላይ በዶሮው ወጥ እጅግ ተደሰቱ። ችግሩም መፍትሔውም በአንድ ሳህን የሚቀርብበት እንዲህ ያለ አስተዳደር የት ይገኛል?

የሞት ነገር የተነሳው ከፋሲካ በኋላ ነው። አንድ እሑድ የቀብር ሰልፍ በፍልውሃዋ ደጃፍ አለፈ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ እሱ ብቻ ነውና ሌላ ማለፊያ የለም። ሙሾውን የሰሙ አንድ እንግዳ ከገንዳው ብድግ ብለው «እኛ ለጤና ብለን መጥተን፣ እዚህ ሰው ይሞታል እንዴ?» አሉና ምሳ ሳይበሉ ሄዱ። ሁለት መኪና ተከተላቸው። የዚያን ቀን ከሟቹ ቤተሰብ ይልቅ አምርራ ያለቀሰችው የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ ሸዋገነት ነበረች።

ኮሚቴው በሳምንቱ ደንብ አወጣ። ከዓርብ ዘጠኝ ሰዓት እስከ እሑድ ማታ የእድር ጥሩምባ እንዳይነፋ፣ ሙሾ እንዳይወጣ፣ ነጠላ ተዘቅዝቆ እንዳይለበስ፤ በከተማው ክልል የሚገኝ ማናቸውም ሕመምተኛ ጉዳዩን በተቻለ መጠን ከሰኞ እስከ ሐሙስ እንዲፈጽም።

ሕዝባችን ሕግ አክባሪ ነው። እማማ ጉዴ ቅዳሜ ጣር ይዟቸው ሳለ እየተለመኑ እስከ ሰኞ ማለዳ ቆዩ። ኮሚቴውም ለቤተሰቡ የምስጋና ቃል ላከ።

ደንቡን የጣሰ የመጀመሪያው ሰው ዲንሳ ነው። ዓርብ ማታ፣ የእንግዶቹ መኪኖች ገና ሞተራቸው ሳይቀዘቅዝ፣ ሞተ።

ዲንሳ ጎረቤቴ ነበር፤ የሚለየን የአጥር እንጨት ብቻ ነው። ሃያ ዓመት ፍልውሃዋን ጠብቋል። ሥራው የእንግዶቹን ልብስና ጫማ መያዝ፣ ፎጣ ማቀበል፣ ውሃው ውስጥ ብዙ የቆየውን ማስወጣት ነበር። ባለሥልጣን ቢሆን፣ ወፍራም ነጋዴ ቢሆን፣ ገንዳው አፋፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ «ይበቃዎታል ጌታዬ፣ ይውጡ፤ ውሃውም እኮ ይደክመዋል» ይላል። በአገሩ ሁሉ ትላልቅ ሰዎችን «ውጡ» ብሎ እሺ የተባለ እሱን ብቻ አውቃለሁ።

ሚስቱ ወርቂቱ ሬሳው የሚታጠብበት አንድ እንስራ ሙቅ ውሃ ከፍልውሃዋ እንዲሰጣት ለመነች። ኮሚቴው ጥያቄውን በጥልቅ ሐዘን ተመልክቶ፣ ጊዜው የእንግዶች መሆኑን አስታወሳት። ዲንሳ በወንዝ ውሃ ታጠበ።

ቅዳሜ ማለዳ ግራዝማችና ወይዘሮ ሸዋገነት ወደ ለቅሶው ቤት መጡ።

«አዴ ወርቂቱ» አሉ ግራዝማች፣ «ከፍ ብዬ እንደገለጽሁት፣ ሐዘንሽ ሐዘናችን ነው። ድምፁ ግን የግልሽ ይሁን።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«እስከ ሰኞ ታገሺ።»

«ዲንሳ ማዘጋጃ ቤት ነው እንዴ፣ ሰኞ የሚከፈት?»

ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደንቡ ለሁላችን ነው። እኔም ብሆን ቅዳሜ አልሞትም።»

«እርስዎ እንደፈለጉ። የዲንሳ ዘመዶች ከሸነን ለገበያ ዛሬ ይወርዳሉ፤ ዛሬ ይቀበራል» አለች ወርቂቱ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ‹ቀስ በይ፣ እንግዳ ተኝቷል› ሲለኝ ኖረ። በገዛ ቤቴ በሹክሹክታ ወለድኩ፣ በሹክሹክታ ተጣላሁ። ዛሬ አንድ ጊዜ ጮክ ብዬ ልጥራው። ሌላ ምንም አልፈልግም። ከከለከላችሁኝ ሬሳውን አሸክሜ ፍልውሃው ደጃፍ እቀመጣለሁ።»

ግራዝማች ወደ ሸዋገነት ዞሩ። ሸዋገነት ክፍሎቿ ሁሉ ሞልተው ነበርና አእምሮዋ በፍጥነት ሠራ።

«እንግዶቹ ሠርግ ይወዳሉ» አለች። «ባለፈው የሠርግ ሰልፍ ሲያዩ አንድ ቀን ጨምረው አደሩ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ በሠርግ እናሳልፈው።»

ለቅሶ ቤቱ ጸጥ አለ። ያልተማረ ሕዝብ ታላቅ ሐሳብ ሲሰማ እንዲህ ነው። ግራዝማች ግን ወዲያው ተቀብለው ውሳኔውን በቃላቸው አሰሙን። ሳጥኑ ቀይ ጨርቅ ይለብሳል። ከበሮ ይመታል፤ ጥላ ይዘረጋል። «ጠያቂ ቢመጣ የሙሽራው ሳጥን ነው እንላለን። ውሸትም የለውም፤ ሳጥን ነው። አንቺ ፊትሽን በካባ ተሸፍነሽ ሙሽሪት ትሆኛለሽ። ማልቀስ አልከለከልንሽም፤ ሙሽራ ከእናቷ ቤት ስትወጣ እንባ ወግ ነው። ድምፅ ብቻ እንዳይኖረው። የቤተ ክርስቲያኑን በር ስትሻገሪ ደግሞ እንደ ልብሽ ጩኺ።»

ወርቂቱ ሳጥኑን አየችው። «ማል ጎነ» አለች፤ እንግዲህ ምን እናድርግ ማለቷ ነው። «የሠርጋችን ቀን በቅሎው ጠፍታበት አርፍዶ ነው የመጣው። ዛሬስ በሰዓቱ ነው።»

የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ሌታ፣ ጥሩምባው ስለተከለከለ በየደጁ እየዞረ በሹክሹክታ እንዲናገር ታዘዘ። የሌታ ሹክሹክታ ከወንዝ ማዶ ይሰማል። «ማንም እንዳይሰማ! ዲንሳ ሞቷል! በሠርግ ልብስ ውጡ!» እያለ ከተማውን አዳረሰው።

የዲንሳ አጎት ኦቦ ፈዬራ ከሸነን በፈረስ እያለቀሰ ሲደርስ፣ ድልድዩ ላይ ግራዝማች ራሳቸው ተቀበሉት። ነጠላውን አስተካክለው አለበሱትና ባለ ዘርፍ ጥላ አስያዙት።

«እንኳን ደስ ያለህ» አሉት።

ኦቦ ፈዬራ ጥላውን አየ፤ ግራዝማችን አየ። «ዲንሳ ሞተ ተብለን ነው የመጣነው። ተሳስተናል?»

«አልተሳሳታችሁም። ግን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ አልሞተም።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «እነዚህን ሰዎች የነካቸው ውሃው ነው ወይስ አየሩ?» አለኝ። ንጹሕ አየር ነው አልኩት።

ወጣን። እኔ የሳጥኑን የኋላ ጫፍ ይዣለሁ። ከበሮው ይመታል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ እልልታው መሃል ላይ እየተሰበረ ወደ ሌላ ነገር ሊሄድ ሲል ሸዋገነት ዞር ብላ ትገላምጣለች። እኔም በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጥርሴን እያሳየሁ አልቅሼ አላውቅም።

ፍልውሃው ደጃፍ ስንደርስ እንግዶቹ ፎጣቸውን እንደታጠቁ እየሮጡ ወጡ። አጨበጨቡ። አንዲት ወይዘሮ በካባው ሥር የወርቂቱ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አይተው «ልጅ ናት፣ ታሳዝናለች» አሉ። በዚህ መሃል ፊታውራሪ እንግዳወርቅ ብቅ አሉ።

ፊታውራሪ የከተማችን ዓምድ ናቸው። እሳቸው ሲመጡ ሌሎቹ ይመጣሉ፤ እሳቸው ቢቀሩ ሆቴሉ ይዘጋል። ለሃያ ዓመት ቅዳሜን አጓድለው አያውቁም።

«ዲንሳ የት ሄዶ ነው?» ብለው ጮኹ። «ከማለዳ ጀምሮ ውሃ ውስጥ ነኝ። ‹ውጡ› የሚለኝ ሰው አጥቼ፣ እስቲ ጣቶቼን እዩልኝ!» ጣታቸው ተኮማትሮ እንደ ደረቀ ቃሪያ ሆኗል።

«እዚሁ ሠርጉ ላይ ነው ጌታዬ» አሉ ግራዝማች።

«ይዘፍናል?»

«ዛሬ ድምፁን ቀንሷል።»

«እንግዲያው እኔም አልቀርም!» አሉና ፊታውራሪ ፎጣቸው ላይ ጋቢ ደርበው እኔን ገፍተው በሳጥኑ ሥር ገቡ። «ወይ ጉድ፣ ይከብዳል! ምን ያለ ሀብታም ሙሽራ ነው!»

ማን ይከልክላቸው? ትልቅ ሰው ትከሻውን ሲሰጥ አይመለስም። ከፍልውሃው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን ዳገት እየዘፈኑ፣ እያለከለኩ፣ ሌሎቹን እንግዶች አስከትለው ወጡ። ካህናቱ በሩ ላይ ጥላ ዘርግተው ጠበቁን። የካህን ጥላ ለሠርግም ለቀብርም ያው ነው፤ የሚዋሽ እሱ አይደለም።

ወርቂቱ በሩን አንድ እርምጃ አለፈች። ካባውን ጣለች። ቀዩን ጨርቅ ከሳጥኑ ላይ ገፈፈችው። ከበሮው ዝም አለ።

ፊታውራሪ ላባቸውን በፎጣቸው ጫፍ እየጠረጉ ዙሪያውን አዩ። «ዲንሳ የታለ? ደርሰን የለም እንዴ?»

«ትከሻዎ ላይ ነው፣ ጌታዬ» አለች ወርቂቱ።

ፊታውራሪ ሳጥኑን አልጣሉትም፤ ይህን እመሰክርላቸዋለሁ። ቀስ ብለው ጉንጫቸውን እንጨቱ ላይ አስጠጉ። «አንተ… ማን ነው እንግዲህ እኔን የሚያወጣኝ?» አሉት።

ያን ጊዜ ወርቂቱ ጮኸች። «ያ ዲንሳ ኮ! ያ ዲንሳ ኮ!» ዲንሳዬ ማለት ነው። ድምፁ ዳገቱን ወርዶ፣ ፍልውሃውን አልፎ፣ የተከራዩትን መኝታ ቤቶቻችንን ሁሉ አንኳኩቶ ተመለሰ። ሃያ ዓመት የተጠራቀመ ድምፅ ነበር።

ግራዝማች በልማድ እጃቸውን «ቀስ በይ» ሊሏት አነሱ። ወዲያው ግን የፊታውራሪን እንባ አዩ። እጃቸው አየር ላይ ጥቂት ከተንሳፈፈ በኋላ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ እኛ መጣ።

«ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? እንግዳው ብቻቸውን ያልቅሱ? ከፍ ብዬ እንደገለጽሁት፣ አልቅሱ እንጂ!»

አለቀስን። የሸነን ሰዎች ነጠላቸውን መልሰው ዘቀዘቁ። ሌታ ከጋቢው ሥር የደበቀውን ጥሩምባ አውጥቶ ነፋው። እንግዶቹም አለቀሱ፤ አንዱ ያላለቀሳትን እናቱን፣ አንዷ በሥራ ብዛት ያልቀበረችውን ወንድሟን እየጠራች። ማታ ላይ ፊታውራሪ መኪናቸው ውስጥ ገብተው፣ ዓይናቸው አብጦ፣ «ሃያ ዓመት እዚህ ተመላልሻለሁ፤ እንደ ዛሬ ያለ ዕረፍት ግን አላረፍኩም» አሉ።

ይህን ቃል ግራዝማች ሰሙ።

ሰኞ ኮሚቴው ተሰበሰበ። የድሮው ደንብ «ከዘመኑ ጋር ባለመሄዱ» ተሻረ። በከተማው መግቢያ ያለው ሰሌዳም ታደሰ፤ «ሙቅ ውሃ፣ ንጹሕ አየር፣ ዘወትር ቅዳሜ እውነተኛ ለቅሶ» ይል ጀመር። ሸዋገነት ለእንግዶች የሚከራይ ጥቁር ነጠላ አሠራች። ሬሳ የሚታጠብበት ሙቅ ውሃም ተፈቀደ፤ ቅዳሜ ለሞተ ብቻ።

የሚቀጥሉት ሳምንታት ክፍሎች ሁሉ አስቀድመው ተያዙ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሕዝባችን፣ ሕግ አክባሪ ቢሆንም፣ ለቅዳሜ የሚደርስ ሰው አላቀረበም። ግራዝማች ቤት ለቤት እየዞሩ የሽማግሌዎችን ጤና በአሳሳቢ ፍቅር ይጠይቁ ጀመር። ወርቂቱ ቤት ሲደርሱ «ደህና ነሽ?» አሏት።

«በጣም ደህና ነኝ» አለቻቸው፣ ጮክ ብላ። «እርስዎስ?»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግራዝማች አሻግሬ ገበያው መሃል አንድ ጊዜ አሳላቸው። ገበያተኛው ሁሉ ሚዛኑን አስቀምጦ፣ ቀስ ብሎ ዞሮ፣ በታላቅ ተስፋ አያቸው።