የዶክተር ጉንተላ ቢጫ ሳጥን

ሰው በተሰበሰበበት መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ የማይጠፋ ሰው አለ። ሌላው ሥራውን ሲሠራ እሱ፣ ሌላው ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ ያያል። በር ስትከፍቱ በየትኛው እጃችሁ እንደከፈታችሁ ይመዘግባል። ሻያችሁ ላይ ስኳር ስትጨምሩ ማንኪያውን ትኩር ብሎ አይቶ፣ "ስኳሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ ስንት ማንኪያ ያደርጉ ነበር?" ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ በሰላም አትጠጡም። እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም የሚል ካለ፣ ወይ ዕድለኛ ነው፣ ወይ ሰውየው ራሱ ነው።

ለእኛ ጤና ጣቢያ የደረሱን ክቡር ዶክተር ጉንተላ ናቸው። አንቱ የምላቸው በዕድሜ ስለሚበልጡኝ አይደለም፤ በዕድሜስ ልጄ ይሆናሉ። ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጠ ሰው የሚቀርለት ቀልድ ትንሽ ስለሆነ ነው።

የመጡ ዕለት ኃላፊያችን ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው፣ "የባህሪ ሳይንስ ባለሙያ ናቸው፤ የኅብረተሰቡን ጤና በባህሪ ለውጥ ሊያሻሽሉልን ነው የመጡት" ብለው አስተዋወቋቸው። አጨበጨብን። ጭብጨባው ሳያልቅ የጽዳት ሠራተኛችን ከኋላ እጇን አወጣችና፣ "የማን ባህሪ ነው የተበላሸው?" ብላ ጠየቀች። ከዚያ ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ።

ዶክተሩ ግን አልተቀየሙም። ባለሙያው መቀየም አያውቁም፤ ይህ ራሱ ያደክማል። ደብተራቸውን ገልጠው ጥያቄውን ጻፉት። "በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው" አሉ። "የማንም ባህሪ አልተበላሸም። ሰው የሚጠቅመውን ነገር የማያደርገው ሰንፎ አይደለም፤ አንድ ነገር ይዞት ነው። የእኛ ሥራ የያዘውን መፈለግ ነው።" ይህችን "ይዞት ነው" የምትባል ነገር ከዚያ ወዲህ በቀን አሥር ጊዜ ሰምቻታለሁ። የውኃ መያዣው ሳይሞላ ሲቀር ይዞት ነው። ነርሷ ስታረፍድ ይዟት ነው። እኔ ስቆጣም ይዞኝ ነው።

ስማቸውን ያገኙት በዚያው ስብሰባ ነው። "ሰውን ማዘዝ አያስፈልግም፣ መቆጣትም አያስፈልግም" አሉ። "ወደሚጠቅመው ነገር ትንሽ ጎንተል ማድረግ ብቻ ነው። ጉንተላ! ሥራችን ጉንተላ ነው።"

ዘበኛችን ቃሉን እንዳለ ወሰደው። በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ፣ ከቧንቧው እጁን ሳይታጠብ ያለፈውን ሁሉ ጎኑን በክርኑ ይለው ጀመር። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ሰዎች ቢሮ ገብተው ከሰሱት። ሦስተኛዋ እናት ክስ አላስፈለጋቸውም፤ በጃንጥላቸው መልሰው ጎነተሉት። ጎኑን ይዞ ወደ መስኮቴ መጣና፣ "ጋሼ፣ ሳይንሱ ያማል" አለኝ።

ከሰዓት በኋላ እንደገና ተሰበሰብን። ክቡርነታቸው ሰሌዳው ላይ በትልቁ "ጉንተላ በክርን አይደለም" ብለው ጽፈው ግማሽ ሰዓት አብራሩ። ዘበኛው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ "በክርን አይደለም" የምትለዋን ደብተሩ ላይ ሁለት ጊዜ ገለበጣት። ዶክተሩ ግን ከዚያ ወዲያ ለሁላችንም ዶክተር ጉንተላ ሆነው ቀሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሙቀቱ ወረቀቱን ከክንዴ ጋር በሚያጣብቅበት ወር እንኳ ከአንገታቸው ግራጫ ሻርፕ አይጠፋም። የተማረ ሰው ብርድ ይፈራል ብለን ተውነው።

ቀጥሎ የመጣው የእግር ዱካ ነው። ከዋናው በር እስከ ቧንቧው፣ ከቧንቧው እስከ ምርመራ ክፍሎቹ ድረስ ወለሉ ላይ አረንጓዴ የእግር ዱካ አስቀቡ፤ ሰው ዱካውን ሲከተል ሳያስበው እጁን ይታጠባል አሉ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ችግሩ፣ ልኩ የተወሰደው ከራሳቸው እርምጃ መሆኑ ነው። ዶክተሩ ደግሞ ረጅም ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ሕመምተኛው ሁሉ ከዱካ ወደ ዱካ ሲዘል ዋለ። አንዲት ባልቴት በሩ ላይ ቆመው ወለሉን ጥቂት ካዩ በኋላ፣ "ልጆቼ፣ የእኔ እግር አይደርስም፤ ሌላ ጊዜ እመጣለሁ" ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

"አየህ ሳይንስን!" አልኩት ለዘበኛው። እሱም ጎኑን ዳበሰ።

ዶክተር ጉንተላ ግን ደስ ብሏቸው ሳያቸው ደነገጥኩ። "ተመልከቱ ጋሼ፣ ሴትዮዋ ሰንፈው አይደለም የቀሩት። እኛ ነን በዱካችን የያዝናቸው!" ብለው በማግስቱ ሜትር ይዘው መጡ። የሜትሩን ጫፍ ማን ያዘ? እኔ። አርባ ሰው አስራምደን ለካን። ከዚያ ተንበርክከው የድሮውን በገዛ እጃቸው ፍቀው አዲሱን ቀቡ። ባልቴቷንም ቤታቸው ድረስ ሄደው ይዘዋቸው መጡ። ወገቤ ለሦስት ቀን አልተቃናም።

አሁን ወደ ቢጫው ሳጥን ልምጣ።

በእኛ ጤና ጣቢያ፣ ተመልሰህ ና ከተባለ አሥር ሰው አራቱ አይመለስም። ግፊት ያለበት ይቀራል፣ ስኳር ያለበት ይቀራል፣ ናሙና ሰጥቶ ውጤቱን ሳይወስድ የሚቀርም አለ። ካርዱን የማስቀምጠው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። ከቀሩት አንዳንዶቹን ደግሞ በኋላ የማያቸው በቃሬዛ ሲገቡ ነው። ካርዳቸውን ለመጨረሻ ጊዜ አውጥቼ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የምመልሰውም እኔ ነኝ። እኔን ያደከመኝ ወረፋው አይደለም፤ እሱ ነው። ለራሴ የያዝኩት መልስ አንድ ብቻ ነበር፤ ሰው ሰነፍ ነው እል ነበር። እንዲህ ሲሉት ትንሽ ይቀላል።

ዶክተር ጉንተላ ይህን አልተቀበሉኝም። የቀጠሮውን ካርድ አስቀየሩ። ከዚያ ወዲያ እኔ መጻፌ ቀርቶ ሕመምተኛው በራሱ እጅ እንዲጽፍ ተደረገ። ካርዱ ሦስት መስመር አለው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ "ከማን ጋር እመጣለሁ"። በእጁ የጻፈውን ሰው አይረሳም አሉ። መጻፍ የማይችለው የራሱን ምልክት ያደርጋል፤ አንዱ ገበሬ ሁልጊዜ ጃንጥላ ይሥላል። ወረፋዬ እስከ ግቢው በር ደረሰ። "ዶክተር፣ ይሄ እኮ ትምህርት ቤት ሆነ!" ብዬ ብጮህ፣ "እንሞክረዋ ጋሼ፣ እንሞክረዋ!" ብለው አለፉ። እንሞክረዋን የሚሉት እሳቸው፣ የሚሞክረው እኔ።

የቀረ ሰው ካርድ ደግሞ ጠረጴዛዬ ላይ በተቀመጠ ቢጫ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሰኞ ሰኞ ከሳጥኑ እያወጣሁ ስልክ እደውላለሁ። የምለውን ነገር ጽፈው ስልኩ ላይ ለጥፈውልኛል። "ለምን ቀሩ?" ማለት ክልክል ነው። የሚባለው፣ "ከካርድ ክፍል ነው። ጠብቀንዎት ነበር። ምን ያዝዎት?" ነው።

በመጀመሪያው ሰኞ ድምፄን እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ አድርጌ አነበብኩት። የደወልኩለት ሰባት ወር የጠፋ ልብስ ሰፊ ነበር። "ማን ነው የጠበቀኝ?" አለ።

ወረቀቱ ላይ ለዚህ የተጻፈ መልስ የለም። "እኔ" አልኩት።

በማግስቱ መጣ። ግፊቱን ሲለኩት ነርሷ ሮጣ ሐኪም ጠራች፤ ለትንሽ ነበር የተረፈው። ለዶክተር ጉንተላ ግን፣ "ዝናቡ ስላባራ ነው የመጣው" አልኳቸው። ደብተራቸው ላይ "ዝናብ" ብለው ጻፉ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ስምንት ወር ሄደ። በአንዱ ሰኞ ጠዋት ሳጥኑን ከፈትኩ፤ አምስት ካርድ ነበር። አራተኛው ላይ ያለውን ስም ሳየው የሌላ ሰው መሰለኝ፤ እኛ በቅጽል ስም እየጠራን እውነተኛ ስማቸውን ረስተነዋል። ዕድሜውን አየሁ። አድራሻውን አየሁ። "የአንገት እብጠት፤ ናሙና ተወስዷል፤ ውጤት ለመውሰድ ይምጡ" ይላል። ቀጠሮው ሐሙስ ነበር። ከሐሙሱም በፊት ሁለት ጊዜ ተላልፏል። በእኔ መስኮት አላለፈም፤ የጻፈችው የሰባት ቁጥር ክፍል ሐኪም ናት፣ ሦስተኛው መስመር ባዶ ነው።

ሻርፑ ትዝ አለኝ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። አርባ ሰው አስራምደህ፣ ወረፋዬን ግቢው በር አድርሰህ፣ ሕዝቡን ሁሉ ቀጠሮህን አክብር እያልክ፣ አንተ ውጤትህን ጥለህ ትቀመጣለህ? አፌ ላይ የመጣው ቃል ያው የድሮው ነበር፤ ሰነፍ። ግን ከአፌ አልወጣም። ይህ ሰው ምንም ይባል፣ ሰነፍ አይባልም። ሃያ ሁለት ዓመት ስንቱን በሌለበት ሰነፍ ስል እንደኖርኩ ያን ጊዜ ታሰበኝና አፈርኩ።

የካርድ ክፍል ሰው ያየውን አያወራም። ለኃላፊያችን አልነገርኩም፣ ለነርሷም አልነገርኩም። ሳጥን ውስጥ የገባ ካርድ ስልክ ይደወልበታል፤ ደንቡን ያወጡት እሳቸው ናቸው። ስልኩን አነሳሁ።

ቢሯቸው ከእኔ ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ ነው የሚለየው። ስልኩ በጆሮዬም በግድግዳውም ጠራ።

"ሃሎ?"

"ከካርድ ክፍል ነው" አልኩ። ወረቀቱን ነበር የማነበው፤ ፊደሉ ግን አልታይ አለኝ። "ሐሙስ ዕለት ጠብቀንዎት ነበር። ምን ያዝዎት?"

ወንበራቸው በግድግዳው በኩል ሲጥ ሲል ሰማሁ።

"ጋሼ" አሉኝ። "እናቴንም አንገቷ ላይ ነበር የጀመራት።"

እዚህ ላይ አንቱታውን ልተወው። ከግድግዳው ወዲያ የተቀመጠው የሰውን ባህሪ የሚያጠናው ክቡር ዶክተር አልነበረም። የአንድ እናት ልጅ ነበር፤ ፈርቷል።

"ና ልጄ" አልኩት። "መስኮቴ ጋ ና።"

መጣ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሻርፑን በእጁ ይዞታል። አዲስ የቀጠሮ ካርድና እስክሪብቶ በመስኮቱ አሳለፍኩለት።

"ለሐሙስ ላድርገው?" አለኝ።

"ሐሙስን አይተነዋል። ጻፍ። በራስህ እጅ።"

ቀኑን ጻፈ፤ ዛሬ። ሰዓቱን ጻፈ፤ አራት ሰዓት። ለአራት ሩብ ጉዳይ ነበር። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ሚስት የለችው፣ ወንድም የለው፤ ስምንት ወር ሙሉ የሰው ቀጠሮ ሲያስሞላ ይህቺን መስመር እሱ በምን እንደሚሞላት አስቦ አያውቅም። ከኋላው ወረፋው ቆሟል። አንዲት ሴት ሳል ሳል አለች።

"ከጋሼ ጋር ብለህ ጻፍ" አልኩት፣ "ሰው አታስቁም።"

መስኮቱን ዘጋሁ። በሃያ ሁለት ዓመት በሥራ ሰዓት መስኮት ስዘጋ የመጀመሪያዬ ነው። ወረፋው ሲያጉረመርም እኛ አረንጓዴውን ዱካ ይዘን፣ በቧንቧው በኩል አልፈን፣ እጃችንን ታጥበን፣ እስከ ሰባት ቁጥር ክፍል ሄድን። በአንድ ዱካ ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን መሄድ ይከብዳል፤ እሱ ዱካውን ያዘ፣ እኔ በዳር ሄድኩ። በሩ ላይ ሲደርስ እግሩ ቆመ። እኔም ቆምኩ። ከዚያ ገባ።

ውጤቱ የፈራው ካንሰር አልነበረም። የዕጢ ቲቢ ነው አሉት። በመድኃኒት ይድናል፤ ስድስት ወር በየቀኑ መዋጥ ብቻ ነው። ሲነግሩት መሳቅ ጀመረ፤ ሐኪሟ ግራ ገባት። ለእኔ ግን ገባኝ። ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዴት ስድስት ወር እንደሚውጥ ሁለት ጥራዝ ጽፏል፤ አንዱ የእኔን የተሰበረ ወንበር እግር ደግፎ ነው ያለው።

ይህን እንድጽፍ የፈቀደልኝ ራሱ ነው። "አንድ ነገር የያዘው ሰው ካነበበው ይጠቅማል፤ ሻርፑን ብቻ አሳምረህ ጻፍልኝ" አለኝ። እሱም ከዚያ ቀን ወዲህ አንተ ይለኛል።

አሁን አራተኛ ወሩን ይዟል። ጠዋት ጠዋት በሦስት ሰዓት መስኮቴ ጋ ይመጣል። እኔ በብርጭቆ ውኃ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ይውጣል፣ እኔ ካርዱ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። እንደ ገበሬው ጃንጥላ ነው የምሥለው። ደክሞኛል፤ ጡረታዬም ደርሷል። ግን ለጡረታው ማመልከቻ የምጽፈው መድኃኒቱ ሲያልቅ ነው ብዬ አቆይቼዋለሁ።

ትናንት አልመጣም። ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆነ። ወጥቼ ሳየው ኮሪደሩ መሀል ተንበርክኮ፣ ዱካው ደብዝዟል ብሎ ቀለም ይቀባል።

"መድኃኒትህስ?"

"አንዴ ጋሼ፣ ይቺን ዱካ ልጨርስና..."

ጎንበስ ብዬ ጎኑን በክርኔ አልኩት። ጠንከር አድርጌ።

ዘበኛው ከዋናው በር ሆኖ ግቢው እስኪሰማ ጮኸ፦ "ጋሼ! በክርን አይደለም ተብሏል እኮ!"