«ትመታለች» ይላላል ወይስ ይጠብቃል?

የአማርኛ ፊደል አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ የሚላላውንና የሚጠብቀውን ቃል እኩል ይጽፈዋል። እኛ እንደ ነገሩ ገምተን እናነባለን። ስልክ ግን ምን ያውቃል?

ታላቅ ወንድሜ አያ ታከለ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ መልእክት የሚያነብለት ስልኩ ነው። አንድ ቀን እዚህ እስራኤል የልጅ ልጁ ትምህርት ቤት ያለችው የእኛው አገር አስተርጓሚ፣ «ልጅቷ ትመታለች፤ ቢመጡ» ብላ ጻፈችለት። ሌሎቹን ልጆች ትመታለች ማለቷ ነው። ስልኩ አጥብቆ ሲያነበው ጊዜ ልጅቷ ተመቺ ሆና አረፈች! አያ ታከለ ዱላውን ይዞ ከሚኖርበት ከጊቫት ሃሞሬ ሰፈር በአውቶቡስ ወረደ። በሩ ላይ ቆሞ፣ የእኔን ልጅ የሚነካ ማነው እያለ ጮኸ አሉ። የተመቱት ልጆች ተሰልፈው እያለቀሱ ሲቀርቡ ግን ዱላውን የሚያስገባበት አጣ። ከዚያ ወዲህ ስልኩን መሳቢያ ከቶ ቆለፈበት። ዜናም ዘመድም ቀረ፤ ዝም ብሎ መዋል ሆነ።

ልጄ ኦርሊ የኮምፒዩተር ሰው ናት። ያንን አንባቢ ፕሮግራም በየአገሩ ያሉ ሰዎች በነጻ እንደሚሠሩት፣ ውስጡም ለሁሉ ክፍት እንደሆነ ነገረችኝ።

«ኢማ፣ ከተሳሳተ አንቺ አርሚው» አለች።

እኔ? አፉላ ከተማ ኢንዱስትሪ ቀጠና ካርቶን የማሽግ ሴት? ቢሆንም አማርኛ አላነሰኝም፣ የጎንደር ልጅ ነኝ። «ትመታለች፦ ይላላል» ብዬ ላክሁ።

በማግስቱ ተመለሰ። የሚላከውን እየፈተሸ የሚያስገባው አራሚ ስሙን እንጂ መልኩን የማላውቀው የባሕር ዳር ሰው ነው። ሁልጊዜ ከላላ፣ በእውነት በሰው የምትመታዋስ ምን ትሁን? በዓረፍተ ነገር አሳዪ አለኝ። ላክሁ፤ መለሰ። ደግሜ ላክሁ፤ ደግሞ መለሰ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ? እኔ ግን ነደደኝና፣ «ወንድሜ፣ ዓይንህን ገልጠህ አንብብ!» ብዬ ጻፍሁ።

«እታለም፣ እኔ ዓይነ ስውር ነኝ» አለኝ። «የምትልኪውን ሁሉ በዚሁ ፕሮግራም ነው የምሰማው። አሁንም ይሳሳታል።»

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያማ ፋብሪካ ምሳ በበላን ቁጥር ጓደኞቼን እየለመንሁ «ትመታለች» ያለበት ዓረፍተ ነገር ለቀምሁ። ክረምቱ ሳይወጣ ሰውዬው እርማቴን ተቀበለኝ። አያ ታከለም ስልኩን ከመሳቢያው አወጣ።

እኔ ግን እዚያው ሥራ ውስጥ ገብቼ ቀረሁ። አሁን ሌሎች የሚልኩትን የምፈትሸው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት የአንዱን ጎረምሳ ሦስቴ መለስሁበት። ቢቸግረው፣ «እትዬ፣ ለመሆኑ አማርኛ ይችላሉ?» ብሎ ጻፈልኝ።

እንዴት ደስ አለኝ! አመስጋኞቹ አንዴ ልከው ይጠፋሉ። የተናደደ ሰው ግን ተመልሶ ይመጣል።