የአባባ ተክሌ ብብት

በአገራችን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ሁሉ ዶክተር ነው። ምን ብዬ ልከራከር? እኔም ረዳት ነርስ ሆኜ በተቀጠርኩበት ዕለት፣ ከግቢው በር ካርድ ክፍል እስክደርስ አራት ጊዜ ዶክተር ተብያለሁ። ረዳት ነርስ ማለት ግን አልጋ የሚያነጥፍ፣ ሙቀት የሚለካ፣ በሽተኛ ደግፎ ሽንት ቤት የሚያደርስ ሰው ነው። ዶክተሮቹ ቢሞክሩት ወገባቸውን ይዘው ይቀመጡ ነበር።

ዛሬ የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው። ሙቀት የምንለካው ግንባር ላይ በሚደገን መሣሪያ ነው፤ ጢጥ ይላል፣ አለቀ። ያኔ፣ ከጎረቤላ ወረድ ብላ ባለችው ትንሽ ጤና ጣቢያ፣ ሙቀት መለካት የጨዋታ ጊዜ ነበር። የአንኮበርን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በሽተኛው ጋቢውን፣ ካፖርቱን፣ ሹራቡን፣ ከሥር ደግሞ ሌላ ሹራብ እያለ እስኪገልጥ ድረስ የልጆቹን ቁጥርና የበቅሎውን ዐመል ሰምቼ እጨርሳለሁ። ናፈቀኝ ብል ትስቁብኝ ይሆናል፤ ግን ናፍቆኛል።

ቴርሞሜትራችን አንድ ብቻ ነበር፣ የመስታወት። ኃላፊያችን ሲስተር ዘነበች በጥጥ ጠቅልለው ሲሰጡኝ፣ ገና ሙከራ ላይ መሆኔን አስታውሰው፣ ይህ ከጠፋ ወይ ከተሰበረ በሽተኛ መንካት ቀርቶ ካርድ ስፈልግ እንደምውል ነገሩኝ። ካርድ ክፍሉን አይቼዋለሁ፤ መስኮት የለውም።

በሁለተኛው ቀን አባባ ተክሌ ትኩሳት ይዟቸው መጡ። ጨዋ ሽማግሌ ናቸው፤ ጉድ ያፈላብኝም ጨዋነታቸው ነው። ሰው በገባ ቁጥር "ኖር" ብለው ብድግ ይላሉ፣ ቴርሞሜትሩ ከብብታቸው ይንሸራተታል፣ እኔ እቀልባለሁ። በሦስተኛው ወለሉን ሊነካ ስንዝር ሲቀረው ያዝኩት። በነጭ ጋዋኔ ሙሉ ሥልጣን፣ እኔ እስክመጣ ንጉሥ እንኳ ቢገባ ክንድዎን እንዳያላቅቁ ብዬ አዘዝኳቸው። እሺ ዶክተር አሉ። ወዲያው ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ መጣችና ተጠራሁ። ልጁ ተወልዶ ስመለስ አባባ የሉም። ዘበኛው እንደነገረኝ፣ ለምሳ ሲዘጋ የታዘዘላቸውን ኪኒን ተቀብለው ሄደዋል፤ ደግሞ ሲሰናበቱ ዘበኛውን የጨበጡት በግራ እጃቸው ነው፤ ምን አስቀየምኳቸው እያለ ሲያስብ ነበር።

ለሲስተር ትንፍሽ አላልኩም። በማግስቱ ማለዳ ቁልቁለቱን ወረድኩ። አባባ ተክሌ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ቀኝ ክንዳቸው ከጎናቸው እንደተጣበቀ ነው፤ ባለቤታቸው ገንፎ ያጎርሷቸዋል። ለካ ሌሊቱን በግራ ጎናቸው ብቻ ተኝተው አድረዋል። ሲያዩኝ ወደ ባለቤታቸው ዞረው፣ "አላልኩሽም? እመጣለሁ ብላ አትቀርም" አሏቸው። ከዚያ ክንዳቸውን ማላቀቅ ይችሉ እንደሆነ ፈቃድ ጠየቁኝ። እኔን፣ የሁለት ቀን ሠራተኛዋን። ይልቀቁ አባባ ብዬ ቴርሞሜትሩን ስቀበላቸው እንባዬ መጣ። እስከ ዛሬ እንደዚያ ያመነኝ ሰው የለም።

ትኩሳቱ ለቋቸው ነበር። ኪኒኑን በሰዓቱ ውጠዋል፤ ምስጋናው ግን ሙሉ በሙሉ ለመስታወቱ ሆነ። በሳምንቱ የመንደሩ ሰው ተሰልፎ "የዚያችን ልጅ መስታወት" ሲጠይቅ፣ ሲስተር ዘነበች ሙከራሽን አለፍሽ አሉኝ። ለምን እንደተሰለፉ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

ባለፈው ሳምንት አንድ አዛውንት ግንባራቸው ላይ ደግኜ ጢጥ ካደረግኩ በኋላ፣ ካፖርታቸውን ከፍተው ክንዳቸውን አንስተው ይጠብቁኛል። አልቋል አባባ ብላቸው፣ ገና መቼ ተጀመረ አሉኝ። ምን ላድርግ? ኪሴ ውስጥ የነበረውን እስክሪብቶ ብብታቸው ሥር ሸጎጥኩና አጠገባቸው ተቀምጬ ስለ በቅሏቸው ጠየቅኳቸው። እስክመጣ እንዳያላቅቁ ግን አላልኩም፤ እስክሪብቶው የአለቃዬ ነው።