የዘይቱና ስም እንዴት እንደተጠበቀ

የምስጢር አጠባበቅ ጥበብ እየጠፋ ባለበት በዚህ ጊዜ ይህን ታሪክ ለትውልድ ማቆየት ግዴታችን ነው። በደርግ ዘመን፣ ደሴ በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን፣ የወረባቦ ገበሬ ምን ያህል እንዳመረተና ምን ያህል እንደጎደለበት የሚናገረው መዝገብ በሁለት ቁልፍ ተቆልፎ ይቀመጥ ነበር። ጠላት ቢያየው ተርበዋል ብሎ ያስወራል። የተራበው ሰው ራሱ ቢያየው ደግሞ ሞራሉ ይነካል።

ታዲያ ደምመላሽ የሚባል ተመራማሪ ከአዲስ አበባ መጥቶ መዝገቡን ልይ አለ። ኮምቦልቻ መጋዘን የተከማቸው የእርዳታ እህል የሚወጣው የእሱ ጥናት ሲጸድቅ ብቻ ስለነበር ቸኩሏል። ኃላፊያችን ጓድ ስማቸው አርቆ አሳቢ ናቸውና አልከለከሉትም።

"ለምርምር በራችን ክፍት ነው" አሉት። "ስታነብ ግን ሽፋኑን እንዳትገልጥ።"

ደምመላሽ ሽፋኑን አንብቦ ሲጨርስ ወደ ወረባቦዋ ከተማ ወደ ቢስቲማ ሄደ። እዚያ ሸህ ሙሄዲን ሰው ሰብስበው ዱአ ያስደርጋሉ። በዱአው ላይ የቸገረው ሁሉ ጭንቁን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ የተሰበሰበው ሰው አሚን ይላል።

"እኔ ዘይቱና" አለች አንዲት የሦስት ልጆች እናት፣ "ማሽላዬ ቆሞ ደረቀ። በሬዬ ሞተ። ልጆቼን ቅጠል እየቀቀልኩ ነው የማበላ።"

አሚን ተባለ። ደምመላሽም ጻፈ። ስንት ዓመት ስንቆልፍበት የኖርነው ምስጢር በአንድ ጠዋት ሜዳ ላይ ተዘረገፈ።

ጓድ ስማቸው ይህን እንደሰሙ በላንድሮቨር ደረሱ።

"ሸህ ሙሄዲን፣ ዱአዎ መረጃ እያሾለከ ነው።"

"ልጄ፣ እኛ የምንነግረው ለአላህ ነው።"

"ለእሱ መንገር አልተከለከለም። እሱ ግን ያውቀው የለም? ስምና አገር መጥራት ለምን አስፈለገ? የግለሰብ ገመና መጠበቅ አለበት።"

ሸሁ ከጓድ ስማቸው ኋላ የቆሙትን ሁለት ባለጠመንጃዎች አዩና እሺ አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ዱአው በአዲሱ መመሪያ መሠረት ተካሄደ።

"ያ ረቢ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ነገር ጎድሎበታል።"

"አሚን።"

"ሌላም ሰው፣ ሌላ ቦታ፣ እንደዚያው።"

"አሚን።"

ጓድ ስማቸው የመዝጊያ ንግግር አደረጉ። የሰፊው ገበሬ ገመና ከኢምፔሪያሊዝም ዓይን መሰወሩን ገልጸው ለፈጣሪ ሳይሆን ለመሥሪያ ቤታችን ኮሚቴ ምስጋና አቀረቡ። የደምመላሽ ጥናትም የተራቡት ሰዎች ስምና ቦታ ተፍቆለት፣ ማኅተም በማኅተም ሆኖ ለበላይ አካል ተላከ።

መልሱ በመጣ ዕለት ዘይቱና ትንሹን ልጇን አዝላ፣ እህሉ መቼ እንደሚወጣ ለመጠየቅ ከቢስቲማ በእግሯ ደሴ ገብታ ነበር። ልጁ አያለቅስም ነበር። ከሁሉ አንጀት የሚበላው እሱ ነው።

ጓድ ስማቸው ከመቀመጫቸው ተነስተው አነበቡላት። "በጥናት እንደተረጋገጠው፣ በስም የሚታወቅ አንድም የተራበ ሰው አልተገኘም። ስለሆነም የኮምቦልቻው እህል ወደመጣበት እንዲመለስ።"

"እኔ አለሁ እኮ፣ ጌታው። ዘይቱና እባላለሁ።"

ጓድ ስማቸው ደንገጥ ብለው በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ።

"ቀስ በይ እንጂ እህቴ" አሉ መስኮቱን እየዘጉላት፣ "ሰው ይሰማሻል።"