ቁልፉ ጋሽ በቀለ ጋ ነው

ሰው በሃያ ስድስት ዓመቱ ስለ ፊኛው ያወራል? እኔ ላውራ እንጂ። ማፈር ምን እንዳተረፈልኝ ታያላችሁ።

የማስተምረው ከአሰላ ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት ነው፤ ስሙ ይቅር። የመምህራን ሽንት ቤት አለን። ንጹሕ ነው፤ ማን ገብቶበት ይቆሽሽ? ለእንግዳ ተብሎ እንደተቆለፈ ነው። ቁልፉ የንብረት ክፍሉ ጋሽ በቀለ ጋ ነው። ስትጠይቋቸው ቢሮ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «ገና በጠዋቱ?» ይላሉ።

እኔ ብልጧ መፍትሔ አገኘሁ፤ ውሃ መጠጣት ተውኩ። የመጣውንም እስከ አስር ሰዓት ይዤ ወደ ቤቴ እሮጣለሁ።

ወር ሳይሞላኝ ያቃጥለኝ ጀመር። በየአምስት ደቂቃው ያጣድፈኛል፣ ስቀመጥ ጠብታ ብቻ። አከራዬ አዴ ጫልቱ፣ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ የኛ አገር ብርድ ነው፣ ደረብ አድርጊ» አሉኝ። ሦስት ሱሪ ደርቤ አስተማርኩ። ወፈርኩ እንጂ አልዳንኩም። ወገቤን አሞኝ ትኩሳት ሲጨመርበት ግን ፈራሁ፤ አሰላ ሄጄ ተመረመርኩ። ሐኪሙ፣ ኢንፌክሽን ነው፣ ኩላሊትሽን ልትጎጂ ነበር አለኝ። ውሃ ጠጪ፣ ሽንትሽን አትያዢ፣ መድኃኒቱን ሳትጨርሺ እንዳታቋርጪ። ቀላል ይመስላል አይደል? እሱ ጋሽ በቀለን አያውቃቸውም።

የሐኪሙን ወረቀት ለዳይሬክተሩ ሰጠሁ። በጣም አዘኑልኝ። መፍትሔም አበጁ፤ መዝገብ! ስም፣ የወጣበት ሰዓት፣ የተመለሰበት ሰዓት፣ ምክንያት። ምክንያት? ሰው ሽንት ቤት ለምንድን ነው የሚሄደው? ሕመሙ አስመርሮኛልና እፍረቱን ትቼ በየቀኑ «ውሃ ጠጥቼ» እያልኩ ሞላሁ። ከእኔ ሌላ አንድም ሰው አልፈረመም።

በወሩ መጨረሻ ስብሰባ ላይ ዳይሬክተሩ መዝገቡን ገልጠው፣ ከአንዲት መምህርት በቀር ሠራተኛው ሁሉ ጤነኛ መሆኑን አበሰሩን። ጤነኞቹ እግራቸውን እንዳጣመሩ አጨበጨቡ። እንዴት እንደተናደድኩ! ስብሰባው ሦስተኛ ሰዓቱን ሲይዝ ተነሣሁ፣ በሁሉም ፊት ፈረምኩ፣ ቁልፉን ከጋሽ በቀለ ተቀበልኩ፣ መዝገቡንም ብብቴ ሥር አድርጌ ወጣሁ።

ጨርሼ እንደ ደንቡ በሩን ቆልፌ ዞር ስል፣ ጤነኞቹ በሙሉ ተሰልፈዋል። ጋሽ በቀለ ሁለተኛ ናቸው። ከፊታቸው ዳይሬክተሩ በአንድ እግራቸው ቆመው እጃቸውን ለቁልፉ ዘረጉ።

ቁልፉን ኪሴ ከተትኩና መዝገቡን ገለጥኩላቸው።

«ምክንያትዎ?»